የአንዲት ትንሽ የጣሊያን ከተማ ክለብን ዓመቱን ሙሉ መከተል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጣሊያን አገር፣ ተራራ ስር ባለች ትንሽ ከተማ እኖራለሁ። ሥራዬ አንድ አዛውንት መንከባከብ ነው። ኖኖ እላቸዋለሁ፤ አያት ማለት ነው። ኳስ ሜዳ መሄድ የጀመርኩት እሳቸውን ለማድረስ ነበር። አሁን እሑድ የእረፍት ቀኔ ቢሆንም አብረን እንሄዳለን። የከተማችን ቡድን እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ በጣሊያን አራተኛው እርከን፣ ሴሪ ዲ፣ ነበር። ወዳጆቼ ከአዲስ አበባም፣ ከሮምም፣ ከዱባይም እየደወሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለሚጠይቁኝ መልሱን እዚህ አሰፈርኩት። አብዛኛው መልስ ግን ስለ እኛ ቡድን ሳይሆን በ1996 ሁለተኛው እርከን ሴሪ ቢ ስለገባው የትንሽ ከተማ ክለብ፣ ስለ ካስቴል ዲ ሳንግሮ ነው። የትንሽ ከተማ ኳስ ምን እንደሆነ ያስተማረኝ የእነሱ ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሚላንና ኢንተር እያሉ ስሙን ማንም የማያውቀውን ቡድን ምን ብለሽ ትከተያለሽ?

ሚላንን ከአዲስ አበባም ሆኜ በቴሌቪዥን ማየት እችላለሁ። አይቼዋለሁም። የእኛን በረኛ ግን ሰኞ ጠዋት ዳቦ ቤት አገኘዋለሁ። እሑድ ስቶ ጎል ገብቶበት ከሆነ ፊቱ ላይ ይነበባል። ዳቦ ሻጯ ምንም ሳትለው አንድ ዳቦ ትጨምርለታለች። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው።

ካስቴል ዲ ሳንግሮ የት ነው?

ከሮም በስተምሥራቅ፣ አብሩዞ ክልል ውስጥ፣ ላኩዊላ አውራጃ። ወደ 800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሳንግሮ ወንዝ ዳር የተቀመጠ ከተማ ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ከፍታው ምንም አይደለም፣ ብርዱ ግን ሌላ ነው። ቅርቡ ያለው ሮካራሶ ሰው ለበረዶ ሸርተቴ የሚሄድበት ቦታ ነው። የካስቴል ዲ ሳንግሮ ነዋሪ ወደ 6,000 ገደማ ነው። አንድ ሰፈር በሉት።

ከተማው ሁለት ነገር ያውቃል፤ ድህነትንና መሰደድን። በ1943 መገባደጃ ጀርመኖች ሲያፈገፍጉ ጉስታቭ የሚባለው የመከላከያ መስመር በዚህ አካባቢ ስለሚያልፍ ከተማውን አፍርሰውት ነው የሄዱት። ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የአብሩዞ እረኞች መኸር ሲመጣ በጎቻቸውን እየነዱ ወደ ደቡብ፣ ወደ ፎጃ ሜዳ ይወርዱ ነበር። ሚስቶቻቸው እስከ ፀደይ ብቻቸውን ይከርማሉ። የበጎቹ መንገድ አሁንም በከተማው በኩል ያልፋል። ስቴዲየሙ በቴዎፊሎ ፓቲኒ ስም ነው የሚጠራው። ፓቲኒ በ1840 እዚያው የተወለደ ሠዓሊ ነው። የሣለው የገበሬውንና የቀን ሠራተኛውን መከራ ነው። ስቴዲየማቸውን በጄኔራል ወይም በነጋዴ ሳይሆን በእሱ ስም መሰየማቸውን ሳስብ ደስ ይለኛል።

እንዲህ ያለ ከተማ እንዴት ሴሪ ቢ ገባ?

ክለቡ የተመሠረተው በ1953 ነው። ቀለሙ ቢጫና ቀይ። ለረጅም ጊዜ ከአካባቢው መንደሮች ጋር ሲጫወት ኖረ። ከታች ጀምሮ አንድ አንድ ደረጃ እየወጣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሴሪ ሲ ሁለት፣ ያኔ አራተኛው እርከን፣ ደረሰ። በ1995 ከሴሪ ቢ ቀጥሎ ያለው ሴሪ ሲ አንድ ገባ። በዓመቱ፣ በ1996፣ በአሰልጣኙ ኦስቫልዶ ያኮኒ እየተመራ ወደ ሴሪ ቢ የሚያሳልፈው የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ተገኘ።

ጨዋታው ሰኔ ወር ውስጥ፣ ጁን 22 ነበር። ተጋጣሚው አስኮሊ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሴሪ ኤ የነበረ ቡድን። ሜዳው ደግሞ ፎጃ። እረኞቹ በጎቻቸውን ይነዱበት የነበረው ያው ፎጃ! የዚያን ቀን ደጋፊው በአውቶቡስና በመኪና በአያቶቹ መንገድ ወረደ።

ዘጠና ደቂቃው ያለ ጎል አለቀ። ጭማሪው ሰዓትም ሊያልቅ ሆነ። በዚህ ጊዜ ያኮኒ ማንም ያልጠበቀውን ነገር አደረገ። በረኛውን ሮቤርቶ ዴ ዩሊስን አስወጥቶ ፔትሮ ስፒኖሳን አስገባ። ስፒኖሳ በዚያ የሊግ ዘመን አንድ ደቂቃ እንኳ ተሰልፎ አያውቅም። ዓመቱን ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው የከረመው። የመለያ ምቱ ሰባተኛ ላይ ደረሰ። ስፒኖሳ የአስኮሊውን ምት አዳነ። 7 ለ 6።

እኔ ይህን ታሪክ ስሰማ በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ዴ ዩሊስ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ቡድኑን ይዞ መጥቶ በመጨረሻዋ ደቂቃ መውጣት ቀላል አይደለም። ግን ትልቅ ክለብ ውስጥ ተቀያሪ በረኛ ስም ብቻ ነው። ትንሽ ክለብ ውስጥ አሰልጣኙ ልጁን ያውቀዋል። ልምምድ ላይ ሲዘል አይቶታል፣ አብሮት እራት በልቷል። ያንን ልጅ ካላወቁት እንዲህ ያለ ውሳኔ አይወሰንም።

ሴሪ ቢ ላይ ከእነማን ጋር ተጫወቱ?

በ1996/97 ሊጉ ውስጥ ቶሪኖ ነበረ፣ ጄኖዋ ነበረ፣ ባሪ፣ ፓሌርሞ፣ ሌቼ፣ ብሬሻ። ጄኖዋ ዘጠኝ ጊዜ የጣሊያን ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ነው። የባሪ ስቴዲየም ለ1990 የዓለም ዋንጫ የተሠራ ነው፤ የካስቴል ዲ ሳንግሮ ሕዝብ በሙሉ ሄዶ ቢቀመጥበት አንዱን ጥግ እንኳ አይሞላም። ቡድኖቹ 20፣ ጨዋታው 38 ነው። አራት ይወርዳሉ።

በሜዳቸው ነው የተጫወቱት?

መጀመሪያ ላይ አይደለም። ሜዳቸው ለሴሪ ቢ የሚመጥን ስላልነበር እስኪታደስ ድረስ የሜዳቸውን ጨዋታ ኪየቲ ሄደው ነበር የሚጫወቱት። በተራራ መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይነዳል። ደጋፊው የቤቱን ጨዋታ ለማየትም ጉዞ ነበረበት ማለት ነው። ኋላ ፓቲኒ ተሠርቶ ሲያልቅ ከ7,000 ሰው በላይ የሚይዝ ሆነ። ከከተማው ሕዝብ በላይ!

ዓመቱ ደስታ ብቻ ነበር?

አልነበረም። በዲሴምበር 1996 ሁለት ተጫዋቾች፣ ዳኒሎ ዲ ቪንቼንሶና ፊሊፖ ቢዮንዲ፣ በመኪና አደጋ ሞቱ። ሁለቱም ወጣቶች ነበሩ። እንዲህ ባለ ከተማ እንዲህ ያለ ሐዘን ምን እንደሚመስል እኛ እናውቃለን። ለቅሶው የአንድ ቤት አይሆንም። ሁሉም ሰው ድንኳን ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላም ሊጉ አይቆምም። ክረምቱ አለ፣ በረዶው አለ፣ በየሳምንቱ ደረጃ ሰንጠረዥ አለ። ቡድኑ ከወራጅ ቀጠናው እየወጣ እየገባ እስከ ጁን 1997 ደረሰ። ሁለት ጨዋታ ሲቀር ፔስካራ ፓቲኒ መጣ። ፔስካራ የአብሩዞ ትልቁ ከተማ ነው፤ የባህር ዳሩ፣ ሀብታሙ ጎረቤት። ካስቴል ዲ ሳንግሮ 2 ለ 1 አሸነፈና ከመውረድ ተረፈ። በዚያ ዓመት የወረዱት ኮሴንሳ፣ ቼዜና፣ ፓሌርሞና ክሬሞኔዜ ናቸው። አራቱም በሕዝብ ብዛት ከካስቴል ዲ ሳንግሮ ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም። ፓሌርሞ ብቻውን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርበት ከተማ ነው።

ከመውረድ መትረፍ እንዴት እንደ ዋንጫ ይከበራል?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይሄ ነው። ዋንጫ የለም፣ ሜዳሊያ የለም። ታዲያ አዋቂ ሰው ሜዳ ውስጥ ገብቶ ሣር ላይ ተንበርክኮ የሚያለቅሰው ለምንድን ነው?

ጣሊያኖች ለዚህ አንድ ቃል አላቸው። ሳልቬትሳ ይሉታል። መዳን ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ነፍስ መዳን ሲሰበክም ቃሉ ያው ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ከኖኖ አፍ ነው። ኦገስት ላይ ልምምድ ገና ሲጀመር ቡድኑ ዘንድሮ ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሳልቬትሳ» አሉኝ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም። እኔ ስለ ሃይማኖት የሚያወሩ መስሎኝ ዝም አልኩ።

ዓመቱን ሙሉ ሜዳ ስመላለስ ነገሩ ገባኝ። ትንሽ ከተማ ላይ ብዙ ነገር እየተዘጋ ነው። ትምህርት ቤቱ ልጅ እያጣ ነው። ባቡሩ ቀርቷል። ወጣቱ ወደ ሚላኖ፣ ወደ ቶሪኖ፣ ወደ ጀርመን ይሄዳል። ክለቡ ከወረደ ደግሞ አንድ ነገር ተጨምሮ ይቀራል፤ የከተማው ስም በየእሑዱ ከሌሎች ከተሞች ስም ጎን የሚጻፍበት ቦታ። ስለዚህ 38 ጨዋታ ተጫውቶ ባሉበት መቆየት ማለት «እኛ አሁንም አለን» ማለት ነው። የካስቴል ዲ ሳንግሮ ሰው በጁን 1997 ያለቀሰው ለዚህ ይመስለኛል። ፎጃ ላይ ከወጡበት ቀን ይልቅ ይሄኛው ቀን ይበልጥብኛል። መውጣት አንድ ምሽት ላይ ሊሆን ይችላል። መቆየት ግን ከመኸር እስከ በጋ መጀመሪያ ያለውን እያንዳንዱን እሑድ ይጠይቃል።

ይህን ደግሞ አንድ ጨዋታ አይቶ የሚሄድ ሰው አያገኘውም። በኖቬምበር ዝናብ 0 ለ 0 ያላየ ሰው በሜይ ማልቀስ አይችልም።

ከውጭ የመጣን ሰው ይቀበላሉ?

ይቀበላሉ፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። በዚያ የ1996/97 ዘመን አንድ አሜሪካዊ ጸሐፊ ካስቴል ዲ ሳንግሮ ሄዶ ከቡድኑ ጋር ዓመቱን ሙሉ ኖሯል። አንድ ባዕድ ሰው ከተጫዋቾቹ ጋር ይበላል፣ በአውቶቡሳቸው ይጓዛል። በትልቅ ክለብ ይሄ አይታሰብም። በረኛውን ለማናገር ሦስት ጽሕፈት ቤት ይጠየቃል።

እኔን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሁለት ወር ያህል ሰላምታ ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ እሑድ ኖኖ ጉንፋን ይዟቸው ልጃቸው አብሯቸው ዋለች፤ እኔ ብቻዬን ሄድኩ። ከኋላችን የሚቀመጡት ሰውዬ «ዛሬ ለምን ብቻሽን?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እረፍት ላይ ቡና ገዝተው ሰጡኝና የኖኖን ወንበር ሌላ ሰው እንዳይዘው ጃኬታቸውን አስቀመጡበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም የዚያ መደዳ ሰው ሆንኩ።

ምክሬ አንድ ነው፦ ከስቴዲየሙ በፊት ባሩን እወቁ። የክለቡ እውነተኛ ቢሮ እዚያ ነው። የጨዋታ መርሐ ግብር በሩ ላይ ይለጠፋል። ማን እንደተጎዳ፣ ማን እንደሚሸጥ፣ አሰልጣኙ እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚወራው ቡና ማሽኑ ፊት ነው። ጆሮአችሁን ከፍታችሁ አፋችሁን ለጊዜው ዝጉ።

ዘረኝነትስ?

አለ። አልደብቅም። በጃንዋሪ 2013 ቡስቶ አርሲዚዮ በሚባል ከተማ፣ በወዳጅነት ጨዋታ ላይ፣ የሚላኑ ኬቨን ፕሪንስ ቦአቴንግ በተሰደበ ጊዜ ኳሱን ወደ ተመልካቹ መትቶ ከሜዳ ወጣ፤ ጓደኞቹም ተከትለውት ወጡ። ያ ትንሽ ሜዳ ላይ ነበር የሆነው። እኔም አንድ ጊዜ ከሜዳችን ውጪ በተጫወትንበት ቀን የማይደገም ነገር ሰምቻለሁ። መልስ የሰጡልኝ የእኛ መደዳ ሴቶች ናቸው። ያንን ሜዳ ድጋሚ አልረገጥኩትም። ማንም እርገጪው ሊለኝ አይገባም ብዬ አምናለሁ። አዲስ ሜዳ ስትሄዱ ከከተማችሁ ሰዎች ጋር ሂዱ፣ አብራችሁ ተቀመጡ።

ጣሊያንኛ ካልቻልኩስ?

ሜዳ ላይ ቶሎ ይለመዳል። አንዱን ቃልማ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ካልቾ። እኛ ጋ ካልቾ ማለት ምት ነው፣ «በካልቾ አለው» እንላለን። እነሱ ጋ እግር ኳስ በሙሉ ካልቾ ነው። አሰልጣኙን «ሚስተር» ነው የሚሉት፤ በስሙ አይጠሩትም። የመጀመሪያው ዙር አንዳታ፣ ሁለተኛው ዙር ሪቶርኖ ነው፤ መሄጃና መመለሻ እንደማለት። ከሜዳ ውጪ የሚደረግ ጉዞ ትራስፌርታ ይባላል። ካምፓኒሌ የቤተ ክርስቲያን ደወል ማማ ነው። ከዚያ የወጣው ካምፓኒሊዝሞ ደግሞ የራስን ከተማ ደወል ከሁሉም ደወል አስበልጦ መውደድ ነው። የጎረቤት ከተማ ቡድን ሲመጣ ይህ ቃል በደንብ ይገባችኋል።

ጣሊያን ነው የምኖረው፤ ከየት ልጀምር?

ከሚኖሩበት ቦታ። ሴሪ ኤና ሴሪ ቢ 20 20 ቡድን አላቸው። ሴሪ ሲ 60 ሆኖ በሦስት ምድብ ይከፈላል። ከዚያ በታች ሴሪ ዲ አለ፤ ዘጠኝ ምድብ ነው፣ ሕጉ አማተር ይለዋል። ከዚያ ኤቼሌንዛ፣ ፕሮሞሲዮኔ፣ እያለ እስከ ሦስተኛ ካቴጎሪያ ይወርዳል። የትም ብትኖሩ በአሥር ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድ ቡድን አታጡም።

እኔ ሴሪ ዲን እመርጣለሁ። ጨዋታው ብዙውን ጊዜ እሑድ ከሰዓት ነው። መግቢያው እኛ ጋ አሥር ዩሮ አካባቢ ነበር። ደግሞ ቡድኖቹ የተወሰኑ ታዳጊዎችን የግድ ማሰለፍ ስላለባቸው የከተማውን ልጆች ሲያድጉ ታያላችሁ። ሴሪ ሲና ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ቲኬቱ በስም ስለሆነ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያዙ። ወፍራም ካልሲም ያዙ። የሲሚንቶ መቀመጫ ላይ የሚዘረጋ ነገርም አትርሱ።

ሴሪ ዲ ውስጥ የዓመቱ መጨረሻ ላይ ፕሌይ አውት የሚባል አለ። በወራጅ ቀጠና ያሉ ሁለት ቡድኖች አንድ ጨዋታ ብቻ ይጫወታሉ። ሜዳው በሰንጠረዡ የተሻለው ቡድን ነው። ከ120 ደቂቃ በኋላ አቻ ከሆኑም የሚተርፈው እሱ ነው። ስለዚህ በኖቬምበር የተገኘች አንዲት ነጥብ በሜይ ሕይወት ልትሆን ትችላለች።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

ካስቴል ዲ ሳንግሮን ለብቻው ከወሰድን የለም። ጣሊያን ውስጥ ስለ ኳስ ሲወራ ግን ሉቺያኖ ቫሳሎን ሳላነሳ አላልፍም። በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን ስናነሳ አምበላችን እሱ ነበር። አባቱ ጣሊያናዊ ነው። ኋላ ጣሊያን ኖሮ ልጆችን ኳስ አስተምሯል። በ2022 አረፈ።

ካስቴል ዲ ሳንግሮ አሁን የት ነው?

በ1998 ከሴሪ ቢ ወረደ። በሚቀጥለው ዓመት ግን በጣሊያን ዋንጫ እስከ 16ቱ ቡድኖች ደርሶ ከኢንተር ጋር ተጫወተ። በዚያው ጊዜ አካባቢ ቪንቼንሶ ያኩዊንታ የሚባል ወጣት አጥቂ እዚያ ይጫወት ነበር። በ2006 የዓለም ዋንጫን ካነሳው የጣሊያን ቡድን አንዱ ነው። በታሪካዊው ዘመን የክለቡ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጋብሪዬሌ ግራቪና በ2018 የጣሊያን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በ2021 ጣሊያን የአውሮፓ ዋንጫን ስትወስድ ኃላፊው እሳቸው ነበሩ።

ክለቡ ራሱ ግን አልቆየም። ገንዘቡ አለቀ፣ በ2000ዎቹ አጋማሽ ከፕሮፌሽናል ሊግ ወጣ። እንዲህ ያለ ክለብ አንድ ባለሀብት ኪስ ላይ ነው የሚቆመው፣ ኪሱ ሲደርቅ ይወድቃል። ፓቲኒ ግን ሥራ አልፈታም። ከ2020 ጀምሮ ናፖሊ በጋ ላይ ለዝግጅት እየመጣ ልምምድ ይሠራበታል። በእነዚያ ቀናት ከተማው በሰማያዊ ማሊያ ይሞላል።

ቡድንሽ ቢወርድስ? ትተይዋለሽ?

ወርዷል እኮ። ባለፈው ዓመት በፕሌይ አውት፣ በሰው ሜዳ፣ 1 ለ 1 ወጥተን ወረድን። እኩል ወጥቶ መውረድ በጣም ያማል። ኖኖ እስከ ቤት ድረስ አልተናገሩም። እኔም አልተናገርኩም። ማታ ሾርባቸውን ሳቀርብላቸው «ኤቼሌንዛ ላይ ትራስፌርታው አጭር ነው፣ ጉልበቴን አያመኝም» አሉ። መስከረም ላይ አዲሱ መርሐ ግብር ባሩ በር ላይ ሲለጠፍ ቆመው አስነበቡኝ። የመጀመሪያው ጨዋታ በሜዳችን ነበር።